ምን ይላል?

እናቴ ከሱቅ የመጣ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት አትጥልም ነበር። ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ትገለብጥና ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ታቃናዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዘረጋዋለች።

«ምን ይላል?»

አንዳንዴ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ቁራጭ ነው። አንዳንዴ የማላውቀው ተማሪ የሒሳብ ደብተር ገጽ ይሆናል፤ እሱን ሳይቀር አስነብባኛለች። ጋዜጣ ሲሆን ነገሩ ከመሀል ይጀምርና ከመሀል ይቆረጣል። ጓድ እገሌ የሆነ ቦታ ሄደው የሆነ ነገር መርቀዋል። ምን እንደመረቁ የሚናገረው ግማሽ ግን ጨው ተጠቅልሎበት ጎረቤት ቤት ገብቷል። እናቴ ይህ አይዋጥላትም።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ከዚያማ የለም።

«እንዴት የለም? ሰውዬው ሄደው ቀሩ?»

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። የማወራው ስለ 1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ውስጥ ከእኔ መማሪያ መጻሕፍት ሌላ የነበረው የአያቴ ዳዊት ብቻ ነው። እሱም በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አያቴ ካረፉ ወዲህ የሚያወርደው ሰው አልነበረም።

እናቴ ጭራሽ ያልተማረች አልነበረችም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ቀበሌ ውስጥ ማታ ማታ ከተማሩት አንዷ ናት። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያዳረሰ ትልቅ ሥራ ነበር። እሷም ምስክር ወረቀቷን ተቀብላለች። ስሟን ትጽፋለች። ሌላው ግን በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ጠፋባት። «ፊደሉ ከዳኝ» ትላለች። አሁን ሳስበው በፊደሉ መፍረድ ይከብደኛል። ከተመረቀች በኋላ ቤቷ የገባ የሚነበብ ነገር ስኳር ተጠቅልሎበት የመጣው ብቻ ነበር።

በእኛ ፊደል የተማረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ልጅ ይህን ሁሉ የሚይዘው በዜማ ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው ያሰራጩት የፊደል ገበታ ስንት ቤት እንደገባ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። እኛም ቤት ገብቷል፤ ጠርዙን አይጥ በልታው ነበር። ዜማው ይጠቅማል። ግን ደግሞ ያታልላል። ለጀማሪ ልጅ «ሞ»ን ለብቻዋ ብታሳዩት መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ በሹክሹክታ መ ሙ ሚ ማ ሜ ም እያለ ይቆጥርና «ሞ!» ይላችኋል። እንዲህ እየቆጠረ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ የመጀመሪያው ቃል ምን እንደነበረ ረስቶታል።

መድኃኒቱ ብዙ ማንበብ ነው፤ ዓይን ፊደሏን እንደ ጎረቤት ፊት እስኪለምዳት ድረስ። ብዙ ለማንበብ ደግሞ የሚነበብ ነገር መኖር አለበት። አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለዚህ አይበቃም። ልጁ ደጋግሞ ሰምቶት በጥቅምት ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚያነበው ከትዝታው ነው።

ስለ እናቴ የገባኝ ሌላ ነገር አለ፤ የገባኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ፊደል የከዳት ሴት የእኔን ንባብ እንዴት ታርም ነበር? ታርም ነበር እኮ! ምስር እየለቀመች፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል። አንድ ምሽት «ጅቡ ሌሊት ሌሊት ይበላል» የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ። እኔ «በ»ን አጥብቄ አነበብኩት። እናቴ መልቀሟን አቆመች።

«ማነው ጅቡን የሚበላው?»

የአማርኛ ጽሑፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና» የተባለው በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር፣ «አለ» የተባለው ተናገረ ለማለት ይሁን ይኖራል ለማለት፣ ወረቀቱ አይነግረንም። ከሐሳቡ ተነሥቶ የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው አንባቢው ነው። ስለዚህ ልጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ገብቶት እንደሆነ ያስታውቃል። ለዚህ ፊደል ማወቅ አያስፈልግም፤ አማርኛ መስማት ይበቃል። እናቴ ደግሞ በአማርኛ የምትታማ ሴት አይደለችም።

ትምህርት ቤቶች ወላጅ ሲሰበስቡ ይህንን ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል። «እኔ አልተማርኩም፣ ምን ልርዳው?» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ገንዘብ ያለው አስጠኚ ይቀጥራል፤ የሌለው አንገቱን ደፍቶ ይተወዋል። ሁለቱም ጆሮ እንዳላቸው ይረሱታል።

ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ነበረው። «ላይብረሪ» ነው የምንለው። ቁልፉ የት እንዳለ ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመስኮቱ አጮልቀን ስናይ መደርደሪያዎቹ በሽቦ ታጥረዋል። ከሽቦው ጀርባ ያሉት በአብዛኛው ከውጭ በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው። አንዱ ሽፋኑ ላይ የበረዶ ሰው ነበረበት፤ አፍንጫው ካሮት ነው። ብርድ ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ደብረ ብርሃን ነን። ግን ካሮትን ለወጥ ትቶ ለአፍንጫ ማዋል የምን ጥጋብ ነው ብለን ብዙ ተከራክረናል።

አራተኛ ክፍል ስገባ አዲስ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጡ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ሽቦውን አልነኩትም፤ የሚፈቀድላቸውም አይመስለኝም። ከሽቦው ወዲህ ግን አንድ አግዳሚ ላይ ስድስት ሰባት ቀጫጭን የአማርኛ ተረት መጻሕፍት ደረደሩ። በሩን ከፍተው ተቀመጡ። በቃ፣ ይህንኑ ነው ያደረጉት። እረፍት ሲደወል ክፍሉ ይሞላል።

መጽሐፍ ከግቢ ማስወጣት ክልክል ነበር። ዓርብ ከሰዓት ጋሼ አንዱን በጋዜጣ ይጠቀልሉና ደብተሬ መሀል ይከቱልኛል። «ሰኞ ጠዋት፣ ከሰልፍ በፊት» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሰኞ ሲቀበሉኝ አንብበኸዋል ወይ ብለው አይጠይቁም። ጥያቄያቸው ሌላ ነው።

«እናትህ ምን አለች?»

መጀመሪያ ቀን ግራ ገባኝ። «ምንም» አልኳቸው።

«እንግዲያው አልሰማችም» አሉና በዚያ ሳምንት ባዶ እጄን ሰደዱኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማታ ለእናቴ ማንበብ ግዴታዬ ሆነ። የምትለውን ቃል በቃል ይዤ ሰኞ አደርሳለሁ። እሷ ደግሞ በአስተያየት አትሰስትም። ስለ ብልጧ ቀበሮ ሳነብላት «ብልጥ አይደለችም፣ አንበሳው ነው ቂል» አለች። ሌላ ጊዜ አንድ ንጉሥ ሦስት ልጆቹን በየተራ ሩቅ አገር ይልካል። «አንድ ላይ አይልካቸውም? ስንቅ አያባክንም ነበር» አለች። ጋሼ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀጥለው መልስ ላኩ። «በቅሎው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው በላት።» እናቴ በዚህም አልረታችም፤ ንጉሥ ሆኖ አንድ በቅሎ! ሁለቱ ሰዎች በአካል ተያይተው አያውቁም። በእኔ በኩል ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሟገቱ ኖሩ።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። በመስከረም መጨረሻ አንድ ምሽት የአማርኛ መጽሐፏን አንድ ገጽ ሳትደነቃቀፍ አነበበችልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና ስል ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ገጹን በእጄ ሸፈንኩት፤ ቀጠለች። እጄን አንሥቼ ከመሀል አንድ ቃል በጣቴ ጠቆምኳት። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ገጹን ከላይ ጀምራ በሹክሹክታ ወረደችና ቃሉ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ነገረችኝ። ልክ «ሞ»ን ቆጥሮ እንደሚያገኘው ልጅ።

አልተቆጣኋትም። በቃል መያዝ እኛ ዘንድ ክብር ያለው ችሎታ ነው። የየኔታ ተማሪም ብዙ ነገር በቃሉ ይይዛል። ግን እሱ ፊደል ቆጥሮ፣ ግእዝ ንባቡን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን አንድ በአንድ አልፎ ነው። በየደረጃው ፊቱ ተቀምጦ የሚሰማው ሰው አለ። የልጄ ክፍል ውስጥ ከሃምሳ በላይ ተማሪ ነው። መምህሯ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ ንባብ ላዳምጥበት ብትል ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይደርሰውም።

የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የሚማሩ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ንባብ ተፈትነው ነበር። ከሁለተኛ ክፍሎቹ ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያኔ ልጅ ስላልነበረኝ ቁጥሩን አይቼ አለፍኩት። ሁለተኛ ክፍል ማለት እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳ ተሸክሞ መመላለስ ነው።

«ላይብረሪ የላችሁም?» አልኳት።

«አለን። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንገባለን።»

«ምን ታደርጋላችሁ?»

«ዝም እንላለን።»

በሚቀጥለው የወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ እጄን አወጣሁ። አጀንዳው የግቢው አጥር ነበር፤ አጀንዳው ሁልጊዜ አጥር ነው። ልጆቹ ለምን መጽሐፍ ወደ ቤት አይወስዱም አልኩ። ከኋላ «ይቀዳድዱታላ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከአንድ ወላጅ ነው። ወደ አጥሩ ተመለስን።

ስንወጣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጠጋ አለችኝ። ወጣት ናት፣ ትሑት። «መጻሕፍቱ በእኔ ስም ነው የተመዘገቡት» አለችኝ። «እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው ንብረት ናቸው። ሰኔ ላይ ቆጠራ አለ። የጎደለ ከተገኘ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። እርስዎ ቢሆኑ ያወጡታል?»

አላወጣም። እሷን ብሆን ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ ነበር የምዞረው። ጋሼ በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደደፈሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ስለ ንባብ ባህላችን መውደቅ በየዓመቱ ይለቀሳል። ስልኩ ነው፣ ቲክቶኩ ነው ይባላል። ይሁን። ግን መጽሐፍን ከወንበር ጋር አንድ መዝገብ ላይ ካሰፈርነው፣ ሠራተኛዋ ሰኔ ላይ የምትመሰገነው መጽሐፉን ማንም ሳይነካው ከቆየ ነው። ወንበር ሃያ ዓመት ሳይሰበር ቢቆይ ጥሩ ወንበር ነው። ሃያ ዓመት ገጹ ሳይታጠፍ የቆየ የልጆች መጽሐፍ ግን ምን ሲሠራ ኖረ?

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን የማደንቃቸው በዚህ ምክንያት ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ነገሩ ከዚያ ተነሣ። ወደ አገር ቤት ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሀዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ይዞ ወደ ልጆቹ መሄድ ጀመረ። የእኛ አገር አህያ ያልተሸከመችው ጉድ የለም፤ ተረት መጫኗ ግን አዲስ ነበር። መጽሐፉ ከመደርደሪያ ወርዶ አቧራ ውስጥ ገባ፣ ጭቃ በነካው እጅ ተገለጠ። እኔን የሚማርከኝ እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ወደተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ልጄን ወስጃታለሁ። ደስ ብሏት ዋለች፤ እኔም። ግን ከቤታችን ሁለት ታክሲ ነው። የቅዳሜ ነገር ነው። ረቡዕ ማታ እራት እስኪቀርብ ልጄ እጅ ላይ የሚገባው ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

እና ምን አደረግን? ብዙም አይደለም። በክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ተነጋግረን በየቤቱ ያለ የልጆች መጽሐፍ ሰበሰብን። ከአዟሪዎች አሮጌ መጻሕፍት ጨመርንበት። 38 ሆነ። ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ስለዚህ የማንም ደመወዝ አይቆረጥበትም። የዘይት ካርቶን ውስጥ ሆኖ ክፍሉ ጥግ ተቀመጠ። ዓርብ የሚያድለው ማን ይሁን ሲባል የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ራሷ «እኔ አለሁ» አለች። ዓርብ ይወሰዳል፣ ሰኞ ይመለሳል። ሰኞ ልጁ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «ቤት ያሉት ምን አሉ?» ይህቺን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከየት እንዳመጣኋት አልተናገርኩም።

ሁሉ ነገር ሰመረ እንዳትሉ። እስከ ገና ድረስ፣ ጠብቆ የሚነበበውን ማለቴ ነው፣ ዘጠኝ መጽሐፍ ጠፍቷል። አንዱን ውሻ በላው ተባለ። አንዲት እናት ልጃቸው የአማርኛ መጽሐፍ ይዞ በመምጣቱ ቅር አላቸው። «አማርኛው የትም አይሄድም፣ እንግሊዝኛ ስጡት» አሉ። ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አልስማማም፤ ፊደል ትርጉም እንዳለው ልጅ መጀመሪያ የሚደርስበት በሚስቅበት ቋንቋ ነው፣ ከዚያ እንግሊዝኛው ይቀለዋል። በዚሁ ምክንያት አፋን ኦሮሞ ለሚነገርባቸው ቤቶች የአማርኛ መጽሐፍ ልከን አያቶቹ እንዲሰሙ መጠበቃችን ስህተት ነበር። ሦስት የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት አገኘን። ሦስት ብቻ። አሁንም እየፈለግን ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ በየሰኞው «ምንም አላሉም» እያለ ይመለስ ነበር። አባቱ ሹፌር ናቸው፤ ልጁ ከተኛ በኋላ ነው የሚገቡት። እናቱ አረብ አገር ናት። ምን እናድርግ ስንል ልጁ ራሱ መላ አገኘ። አንድ ሰኞ ፊቱ በርቶ መጣ። «ዘበኛው ጅብ በዓይናቸው አይተዋል!» ለግቢያቸው ዘበኛ ነው ያነበበላቸው። ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ዓርብ ዓርብ «ዛሬስ ምን ያዝክ?» እያሉ በር ላይ ይጠብቁታል አሉ።

ካርቶኑ ውስጥ የሽሮ ጠብታ ያረፈባቸው ሦስት መጻሕፍት አሉ። ልጆቹ የሚሻሙት እነሱን ነው።

በየካቲት እናቴ ለዓይኗ ሕክምና መጣች፤ ሞራ ጋርዷታል። የመጀመሪያው ዓርብ ማታ ልጄ ያመጣችውን የጅብ ተረት አነበበችላት። እየተንተባተበች ነበር፣ ግን ጣሪያ አላየችም። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ጅብ እንዲህ አይናገርም» አለች። ከዚያ ጋቢዋን አስተካክላ «ተረት ተረት» አለች።

«የላም በረት!» አለች ልጄ።

እናቴ የራሷን አወረደች። ጅብ አለ፣ አህያ አለች፣ ወንዝ አለ። ተረቱ ሲያልቅ ልጄ ተነሥታ ደብተርና እርሳስ ይዛ መጣች። «እማማ፣ እንደገና ንገሪኝ። ቀስ በይ፣ እጽፈዋለሁ።» አንድ ገጽ ተኩል ለመጻፍ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀባት። ወጡ ሁለቴ ተሞቀ። ሐውም ሀውም ኀውም ተቀላቅሏል፤ እኔ ላርም እጄን ስልክ ባለቤቴ በዓይኗ ከለከለችኝ።

ልጄ ጨርሳ ደብተሩን ለአያቷ ሰጠቻት። እናቴ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። የታጠፈውን የገጹን ጫፍ በመዳፏ ዳብሳ አቃናችው። ፊደሉን ማየት አትችልም። መልሳ ዘረጋችላት።

«ምን ይላል?»

ልጄ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አድርጋ ጀመረች። ጅቡ ተራበ። ወንዝ ወረደ። ከአህያዋ ጋር ተገናኘ። አህያዋ «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» አለችው። ከዚያ ጅቡ ቤቱ ገብቶ ተኛ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች እናቴ። «አህያዋስ? ሄዳ ቀረች?»

ልጄ ደብተሩን ደግማ አየችው። ከዚያ ላጲስ ፍለጋ ቦርሳዋን መሬት ላይ ገለበጠችው።